የኮከቡ መሃል የት ነው?

በቬክተር ሶፍትዌር ሥዕል መማር ለሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ የምሰጠው የመጀመሪያ ሥራ የባንዲራ ሥዕል ነው። ብዙዎቹ ቅር ይላቸዋል። አበባ፣ የሰው ፊት ወይም የድርጅት አርማ ጠብቀው ይመጡና ሦስት ቀለም አግድም አንጥፉ ሲባሉ የሕፃን ሥራ የተሰጣቸው ይመስላቸዋል። እኔ ግን ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። አበባ ትንሽ ቢዛነፍ ማንም አይጠይቅም። ባንዲራ ግን ልኩ በሕግ ተጽፎ የተቀመጠ ስለሆነ ሥራችሁን ከሕጉ ጋር አስተያይቶ ልክ ነው ወይም አይደለም የሚል ዳኛ አለው።

ቬክተር ማለት ሥዕሉ በነጠብጣብ ሳይሆን በልክና በቁጥር የሚቀመጥበት መንገድ ነው፤ ስለዚህ ለደረት ስቲከርም ለፎቅ ባነርም ቢታተም ጠርዙ አይፈርስም። መሣሪያው ኮረል ድሮውም ሆነ ኢሉስትሬተር ለውጥ የለውም። እኔ የምሠራው በኢንክስኬፕ ነው፤ በነፃ ይገኛል፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል።

ወደ ሥራው እንግባ። የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ እንውሰድ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 አረንጓዴው ከላይ፣ ቢጫው ከመሃል፣ ቀዩ ከታች ሆኖ ሦስቱ በእኩል አግድም እንደሚቀመጡና ከመሃሉ ብሔራዊ ዓርማ እንደሚኖረው ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 654/2001 ደግሞ የወርዱና የርዝመቱን ምጣኔ 1 ለ 2 ያደርገዋል። ገጹን ርዝመቱ 600፣ ወርዱ 300 አድርጉት። 300 የተመረጠው ለሦስት ሲካፈል ሙሉ ቁጥር ስለሚሰጥ ነው። 500 ብትሉት እያንዳንዱ ቀለም 166.666 እያለ ይቀጥላል፤ ያ ሽርፍራፊ በኋላ በሁለት ቀለሞች መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ መስመር ሆኖ ህትመት ላይ ብቅ ይላል። ለዚህም ሌላ ጥሩ ዘዴ አለ። ቢጫውን 600 በ300 አድርጋችሁ ሙሉውን አንጥፉት፤ ከዚያ አረንጓዴውን በላይኛው 100፣ ቀዩን በታችኛው 100 ላይ ደርቡበት። ከሥር ያለው ቢጫ ስለሆነ ነጭ የሚታይበት ቀዳዳ አይኖርም።

ስትሮክ የሚባለውን የጠርዝ መስመር አጥፉት። ብዙ ጀማሪ ሦስቱንም ቀለም ጥቁር ጠርዝ እንዳለበት ይተወዋል፤ እሱ ብቻ ሳይሆን የጠርዙ ውፍረት ልኩ ውስጥ ገብቶ 100 ያሉት 101 ይሆንባቸዋል። ቀለሙንም ከፎቶ ላይ አትቅዱ። ፀሐይ ላይ የተነሳ ባንዲራ አረንጓዴው የፀሐዩ ነው እንጂ የባንዲራው አይደለም።

እስከዚህ ድረስ አንድ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነው። ቁም ነገሩ በዓርማው ላይ ካለው ኮከብ ይጀምራል፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ሁሉ የምጽፈውም ለኮከቡ ስል ነው።

ኢንክስኬፕ የኮከብ መሣሪያ አለው። የ* ቁልፍን ስትጫኑ ይመጣል፤ ጎተት ስታደርጉት ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይወጣል። ጀማሪው እዚህ ላይ ደስ ይለውና ያልፋል። አትለፉ። ከላይ ባለው አሞሌ ላይ ስፖክ ሬሾ የሚል ቁጥር አለ፤ ማንም ሳይነካው ሲመጣ 0.5 ይላል። ይህ ቁጥር የውስጠኛው አንጓ ከመሃል ያለውን ርቀት ከውጨኛው ጫፍ ርቀት ጋር ያነጻጽራል። 0.5 ሲሆን ኮከቡ ወፈር ይላል፣ የብስኩት ቅርጽ ይይዛል። ትክክለኛው ኮከብ 0.382 ነው። ይህን ቁጥር እኔ አልወደድኩትም፣ አልመረጥኩትም፤ ከጂኦሜትሪው የሚወጣ ነው፤ ከ3 ላይ የ5ን ካሬ ሥር ቀንሳችሁ ለ2 ብታካፍሉ 0.381966 ታገኛላችሁ።

ልዩነቱ የዓይን ውበት ብቻ ከመሰላችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ከኮከቡ የላይኛው ጫፍ ተነስታችሁ አንዱን ጫፍ ዘልላችሁ እስከሚቀጥለው ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። በ0.382 የኮከቡ ጎኖች በሙሉ እንዲህ ባሉ መስመሮች ላይ ቁጭ ይላሉ፤ ኮከቡ አምስት ቀጥ ያሉ እኩል መስመሮች ተሻግረው የሠሩት ነው። በ0.5 ግን ጎኖቹ ከመስመሩ ወጣ ይላሉ፤ አንድ መስመር የነበረው ተሰብሮ ሁለት ይሆናል። አሁን ወደ አዋጁ ተመለሱ። በዓርማው ላይ ያለውን ኮከብ ሲገልጽ ቀጥታና እኩል ከሆኑ መስመሮች የተሠራ ነው ይላል፤ መስመሮቹም የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦችን እኩልነትና አንድነት እንዲያሳዩ ነው የተቀመጡት። እንግዲህ 0.5 ላይ የተተወ ኮከብ የሕጉን ቃል የማያሟላ ኮከብ ነው። አንድ ቁጥር ባለመቀየር የሚመጣ ጥፋት ነውና ምክንያት ሊቀርብለት አይገባም።

ይህ ገና ቀላሉ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ የመሃሉ ጉዳይ ነው።

የሰንደቅ ዓላማ ቀን በጥቅምት ሲቃረብ ማተሚያ ቤቶች ይጨናነቃሉ። አንድ ጊዜ ፒያሳ አካባቢ ለሌላ ሥራ ገብቼ አንድ ወጣት ዲዛይነር ትልቅ ባነር ላይ ሲሠራ አየሁ። ቀለሙ ልክ ነው፣ ምጣኔው ልክ ነው፣ ኮከቡም ቀጥ ያለ ነው። ግን ኮከቡ በዓርማው ሰማያዊ ክብ ውስጥ ወደ ታች ወርዷል።

«ወንድሜ፣ ኮከቡ መሃል አይደለም» አልኩት።

«መሃል ነው እኮ ጋሼ፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው ያስተካከለው» አለኝና ሁለቱንም መርጦ አላይን ሴንተር የሚለውን ደግሞ ተጫነው። ምንም አልተንቀሳቀሰም። «ያው፣ አዩት?»

«እስቲ ከላይኛው ጫፍ እስከ ክቡ ጠርዝ ያለውን ለካው። ከዚያ የታችኛውን ጫፍ ለካ።»

ለካ። ዝም አለ። እንደገና ለካ። «ወይ ጉድ! የላዩ ከታቹ እጥፍ ይበልጣል!» አለ።

ልጁ ቸልተኛ አልነበረም። አብዛኛው ሰው የሚያምነውን ነው ያመነው፦ ኮምፒውተሩ መሃል ነው ካለ መሃል ነው። ነገር ግን የአላይን መሣሪያ ኮከብ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያየው ኮከቡን ዙሪያውን የሚከበውን የማይታይ አራት ማዕዘን ሳጥን ነው፤ መሃል የሚያደርገውም ሳጥኑን ነው። ክብ፣ ካሬ ወይም ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ከሆነ የሳጥኑ መሃልና የቅርጹ መሃል አንድ ቦታ ስለሚያርፉ ችግር የለም። ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ግን ከላይ አንድ ጫፍ፣ ከታች ሁለት እግር ነው ያለው። ከእውነተኛው መሃሉ እስከ ላይኛው ጫፍ 100 ቢሆን፣ እስከ እግሮቹ ድረስ ወደ ታች ያለው ቁመት 80.9 ብቻ ነው። ሳጥኑ 180.9 ይረዝማል፤ የሳጥኑ መሃል 90.45 ላይ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ መሃል ሲገባ ኮከቡ 9.55 ወደ ታች ይወርዳል፤ ከመቶ አሥር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው።

በምሳሌ እንየው። ክቡ ከመሃል እስከ ጠርዝ 120፣ ኮከቡ ከመሃል እስከ ጫፍ 100 ይሁን። በትክክል ሲቀመጥ አምስቱም ጫፎች ከጠርዙ 20 ይርቃሉ። በአላይን ሲቀመጥ ግን የላይኛው ጫፍ 29.5፣ እግሮቹ ደግሞ 12 ገደማ ይሆናሉ። በስልክ ላይ ማንም ላያስተውለው ይችላል። ኮከቡ ከመሃል እስከ ጫፍ አንድ ሜትር በሆነበት ባነር ላይ ግን ወደ 10 ሴንቲሜትር የሚጠጋ መውረድ ነው፤ ያንን መንገደኛ ሁሉ ያየዋል፣ ምን እንደጎደለ ባያውቅም።

የሚገርመው ኢንክስኬፕ እውነተኛውን መሃል ያውቀዋል። ሶፍትዌሩ እ.ኤ.አ. በ2003 የተወለደው ሶዲፖዲ ከተባለ ፕሮግራም ተገንጥሎ ነው፤ የኮከቡ ባሕርያት እስከ ዛሬ በፋይሉ ውስጥ የሚመዘገቡት በሶዲፖዲ ስም ነው። ፋይሉን በኖትፓድ ብትከፍቱት የጫፎቹ ብዛት፣ ሁለቱ ሬዲየሶች፣ የመሃሉ አግድምና ቁም ቁጥር ሁሉ ተጽፎ ታገኛላችሁ። መረጃው እያለ አላይን አይጠይቀውም።

መፍትሔው ኮከቡን ሠርቶ መሃል ማስገባት ሳይሆን ከመሃል ጀምሮ መሥራት ነው። የኮከብ መሣሪያው መጀመሪያ የጫናችሁበትን ነጥብ መሃሉ ያደርገዋል። ስለዚህ ከማስመሪያዎቹ ሁለት ጋይድ ጎትታችሁ አንዱን አግድም 300፣ ሌላውን ቁልቁል 150 ላይ አኑሩ፤ ጋይዱን ሁለት ጊዜ ብትነኩት ቁጥሩን መጻፊያ ይከፍትላችኋል። ስናፕን አብሩ። ክቡን ሺፍትና ኮንትሮል ይዛችሁ ከሁለቱ ጋይዶች መገናኛ ጎትቱት። ኮከቡንም ከዚያው ነጥብ ጀምራችሁ ኮንትሮል ይዛችሁ ወደ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ጎትቱት። ከዚያ በኋላ አላይንን በጭራሽ አትንኩ።

በዓርማው ጨረሮችም ላይ ያው ጣጣ አለ። አንዱን ጨረር በሁለት የኮከብ ጫፎች መካከል ሠርታችሁ አራት ጊዜ በ72 ዲግሪ ስታዞሩት በራሱ ወገብ ላይ ይሽከረከርባችኋል። ጨረሩን ሁለት ጊዜ ስትነኩት ትንሽ የመስቀል ምልክት ይታያል፤ ያንን ጎትታችሁ የክቡ መሃል ላይ አስቀምጡትና ከዚያ አባዙት።

የሌሎች አገሮችን ልክ ስታዩ ይህ የመሃል ነገር የእኔ ክርክር ብቻ እንዳልሆነ ይገባችኋል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1959 የባንዲራቸውን ልክ ሲወስኑ የእያንዳንዱን ኮከብ መጠን የሰጡት በዲያሜትር ነው፤ ከወርዱ 0.0616። የቻይና የ1949 (እ.ኤ.አ.) ልክም የላይኛውን የግራ ሩብ 15 በ10 በሆኑ ካሬዎች ይከፍልና ትልቁን ኮከብ ሬዲየሱ 3 በሆነ ክብ፣ ትንንሾቹን ሬዲየሳቸው 1 በሆነ ክብ ውስጥ ያስገባቸዋል። ሁለቱም ኮከብን የሚለኩት በክብ ነው፤ ሳጥን ውስጥ አስገብተው አይለኩም። የኔፓል ደግሞ ከሁሉም ይልቃል። የባንዲራው አሠራር ከሕገ መንግሥቱ ጋር ተያይዞ፣ ከዚህ ነጥብ እስከዚያ መስመር አስምር፣ ቁሙን ከአግድሙ በሲሶ አስበልጥ እያለ ደረጃ በደረጃ ተጽፏል። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እየተከተላችሁ በኢንክስኬፕ ብትሠሩት ከጨረቃዋ እስከ ሰማያዊው ጠርዝ ድረስ አንዳች ግምት አያስፈልጋችሁም።

ለፍትሕ ሲባል አላይን ትክክል የሚሆንበትም ባንዲራ አለ። ጋና እ.ኤ.አ. በ1957 ነፃ ስትወጣ ቴዎዶሲያ ኦኮህ የሠራችው ቀይ፣ ወርቃማና አረንጓዴ ባንዲራ ቀለሙን ከኢትዮጵያ የወሰደ ነው፤ ከመሃሉ ጥቁር ኮከብ አለው። ኮከቡ በወርቃማው መደብ ላይ ተዘርግቶ የላይኛው ጫፉ ቀዩን፣ እግሮቹ አረንጓዴውን ይነካሉ። እዚህ የሚፈለገው የሳጥኑ መሃል ነው፤ በዙሪያው ክብ የለምና። ምጣኔው 2 ለ 3 ስለሆነ 900 በ600 አድርጉት፤ እያንዳንዱ ቀለም 200 ይደርሰዋል፣ የኮከቡም ቁመት 200 ይሆናል።

አንድ ልመና አለኝ። የኢትዮጵያን ባንዲራ ሰፊ ቦታ እንዲሞላ ብላችሁ ከጎን አትለጥጡት። ክቡ እንቁላል ይሆናል፣ ኮከቡም ጫፎቹ ይዛባሉ። ቦታው ከ1 ለ 2 የተለየ ከሆነ ባንዲራውን በልኩ አኑሩና ዙሪያውን ባዶ ተዉት። ከጎግል የወረደ ደብዛዛ ምስል ላይ በአውቶማቲክ ትሬስ ማድረግም ይቅር፤ አምስት መስመር የነበረው ኮከብ በመቶ የሚቆጠሩ አንጓዎች ያሉት ጠርዘ ጎርባጣ ነገር ሆኖ ይመለሳል፤ የስቲከር መቁረጫውም በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ሥራው ሲያልቅ ሁለት ፋይል አስቀምጡ። አንዱ ኮከቡ ኮከብ እንደሆነ የቆየበት ዋናው ነው፤ ወደ ፓዝ ከተቀየረ ስፖክ ሬሾውን ዳግመኛ አታገኙትም። ሁለተኛው ለማተሚያ ቤት የሚሰጠው ፒዲኤፍ ነው። ቀጥሎ ወደ ቻይናው ሂዱ፤ አራቱ ትንንሽ ኮከቦች እያንዳንዳቸው አንድ ጫፋቸውን ወደ ትልቁ ኮከብ መሃል ማቅናት አለባቸው። ያን ስትሠሩ ከየትንሹ ኮከብ መሃል እስከ ትልቁ መሃል ቀጭን መስመር አስምራችሁ ጫፉን በዚያ ላይ አሳርፉ፤ መስመሩን ከማጥፋታችሁ በፊት አራቱንም አንድ በአንድ አጉልታችሁ እዩ።