“ግሉኮስ ይሰቀልለት!” ብለው ከሐኪም ጋር ከመጣላትዎ በፊት

ልጁ የአራት ዓመት ነው። ከአያቱ ጋር መተሐራ ሁለት ሳምንት ከርሞ እንደተመለሰ ትኩሳት ያዘው። በሦስተኛው ቀን ሰውነቱ እንደ ምጣድ ግሎ፣ ዓይኑን መግለጥ አቅቶት፣ በታክሲ ሆስፒታል ደረሰ። ድንገተኛ ክፍል ተረኛ የነበረው ወጣት ሐኪም ደሙን አስመረመረ፤ ወባ ሆነ። የወባውን መድኃኒት በመርፌ ሰጠው፣ ኦክስጅን አደረገለት፣ ስኳሩን ለካ። ጠቡ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። አያትየዋ፣ የአባቱ እናት ማለት ነው፣ “ግሉኮሱስ?” አሉ። ሐኪሙ “አሁን አያስፈልገውም” ሲል መለሰ። “እንዴት ነው የማያስፈልገው? ልጁ እንዲህ ዝሎ እያየኸው! ገንዘቡን እንደሆነ እንከፍላለን!” ክፍሉ በጩኸት ተናጋ።

ልጁ ድኖ ወጣ። ጠቡ ግን አልዳነም። አማትየዋ እስከ ዛሬ “የልጅ ልጄን ሊገድለው ነበር፤ እናቱም ዝም ብላ አየችው” እያሉ ምራታቸውን ለጎረቤት ይከሳሉ። ይህች እህታችን የጻፈችልን ጥያቄ አጭር ነው፤ ሐኪሙ ልክ ነበር? ወይስ ልጄ የዳነው በዕድሉ ነው?

ስለዚያ አንድ ልጅ ከሩቅ ሆነን መፍረድ አንችልም። ያየው ሐኪሙ ነው። በጥያቄው ላይ ግን ብዙ የሚነገር ነገር አለ። ምክንያቱም የአማትና የምራት ጠብ የሆነው ይህ ጉዳይ የሕክምናውንም ዓለም ሁለት ቦታ ከፍሎት ነበር። ትልቁን መልስ ያመጣው ደግሞ ለንደን ወይም ኒውዮርክ ሳይሆን፣ እዚሁ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ውስጥ የተካሄደ ምርምር ነው።

ለመሆኑ ውስጡ ምን አለ?

በእኛ ሀገር በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሁሉ ስሙ “ግሉኮስ” ነው። የጨው ውኃ ይሁን፣ ሪንገር የሚባለው ይሁን፣ ስኳር ያለበት ይሁን፣ ለአስታማሚው አንድ ነው። ጠያቂ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የተንጠለጠለ ነገር መኖሩን ነው። ከሌለ “ታዲያ ምን አደረጉለት?” ይላል። ትንሽ ደከመኝ ብሎ የሠፈር ክሊኒክ ገብቶ “አንድ ግሉኮስ” ወስዶ የሚወጣም ሞልቷል።

አንድ ሊትር ባለ 5 ከመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ነው። በሻይ ማንኪያ ቢሰፈር ከ10 እስከ 12 ማንኪያ ቢሆን ነው። የቀረው ውኃ ነው! መዋጥ የሚችል ሰው ይህንን በሻይና በአጥሚት ያገኘዋል። የጨው ውኃውም እንደ ስሙ ነው፤ በሊትር 9 ግራም ጨው።

ይህን ስንል ፈሳሽ አይጠቅምም ማለታችን እንዳልሆነ ልብ ይበሉልን። በተቅማጥና በትውከት ለደረቀ፣ ደም ለፈሰሰው፣ ሰውነቱ ለተቃጠለ ሰው ከውስጡ የወጣውን ይተካለታል፤ ሕይወቱን ያተርፋል። ስኳሩ የወረደበት ልጅም ስኳር በደም ሥሩ ካልተሰጠው ሊሞት ይችላል። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ የነበረው ሌላ ዓይነት ልጅ ላይ ነው። ተቅማጥ የለውም፣ አልደማም፤ ግን ትኩሳቱ ኃይለኛ ነው፣ እጅ እግሩ ቀዝቅዟል፣ ልቡ ይሮጣል፣ ራሱን ስቷል። ሐኪሞች ደሙ በደንብ እየተዘዋወረ አይደለም ይላሉ። በበለጸጉት ሀገሮች መመሪያ እንዲህ ላለው ልጅ በደም ሥሩ ብዙ ፈሳሽ ቶሎ መልቀቅ ነው። ነገሩም ለጆሮ ይጥማል። ቧንቧው ውስጥ ግፊት ካነሰ ውኃ ጨምርበት! ማን ይጠራጠራል?

በፖስታ የታሸገ ዕጣ

በኬንያ ጠረፍ፣ ኪሊፊ በምትባል ከተማ ለዓመታት የሠሩ አንዲት እንግሊዛዊት የሕጻናት ሐኪምና አፍሪካውያን ባልደረቦቻቸው ይህንን ሊያረጋግጡ ተነሡ። ግምታቸው ፈሳሹ ይጠቅማል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በሦስቱ ሀገሮች በሚገኙ 6 ሆስፒታሎች (4ቱ ኡጋንዳ ውስጥ ናቸው) ሥራው ተጀመረ። የተመዘገቡት ከ2 ወር እስከ 12 ዓመት ያሉ፣ በትኩሳት የተዳከሙ ሕጻናት ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወባ ነበረባቸው። በተቅማጥ የታመሙና በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱ ልጆች አልገቡበትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለያንዳንዱ ልጅ የታሸገ ፖስታ ይከፈታል። አንዱ ዕጣ “የጨው ውኃ በፍጥነት ይሰጠው” ይላል። ሌላው “አልቡሚን የሚባለው ውድ ፈሳሽ በፍጥነት ይሰጠው” ይላል። ሦስተኛው “በፍጥነት የሚሰጥ ፈሳሽ የለም፤ ቀስ ብሎ የሚወርደው ይበቃዋል” ይላል። የወባ መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክ፣ ኦክስጅን፣ ስኳር፣ ደም ግን ለሚያስፈልገው ሁሉ ተሰጥቷል። በፍጥነት የተሰጠው መጀመሪያ ላይ በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር ነበር፤ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንድ የውኃ ብርጭቆ ብዙም የማይበልጥ ማለት ነው። ኋላ ላይ እጥፍ ሆኗል።

ዕጣ ለምን አስፈለገ? ለእቁብተኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ዳኛው ለፈለገው ሰው ዕጣ ቢያወጣ ኖሮ ማን እቁብ ይጥል ነበር? ሐኪሙም ራሱ ከመረጠ፣ በጣም ለታመመው ፈሳሽ ይሰጥና ሻል ላለው ይተዋል። ከዚያ የሞተው በሕመሙ ይሁን በፈሳሹ ማን ይለየዋል?

ውጤቱ እነሆ። በ48 ሰዓት ውስጥ አልቡሚን ከተሰጣቸው 1,050 ልጆች 111 ሞቱ። የጨው ውኃ ከተሰጣቸው 1,047 ልጆች 110 ሞቱ። በፍጥነት ምንም ካልተሰጣቸው 1,044 ልጆች የሞቱት ደግሞ 76 ናቸው። በመቶኛ 10.6፣ 10.5 እና 7.3 ማለት ነው። ሊመዘግቡ ያሰቡት 3,600 ልጅ ነበር። ቁጥሩን ከውጭ ሆኖ የሚከታተለው ገለልተኛ ኮሚቴ ይህንን ሲያይ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ላይ “በቃ!” ብሎ 3,141 ላይ አስቆመው።

ልብ ይበሉ፤ ልዩነቱ ከ100 ልጅ የ3 ልጅ ነፍስ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የሠራ ሐኪም ይህንን በዓይኑ ሊያየው አይችልም። እንዲያውም የሚያስገርመው ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ላይ የደም ዝውውራቸው ይበልጥ የተሻሻለው ፈሳሽ የተለቀቀላቸው ልጆች ነበሩ። አያትየዋ እዚያ ቢኖሩ “አላልኩም? ይኸው ነፍስ ዘራ!” ይሉ ነበር። ሐኪሙም ይስማማ ነበር። ሞቱ የመጣው በኋላ ነው። ያስ ለምን ሆነ? መጀመሪያ የተጠረጠረው ውኃው ሳንባ ሞልቶ ወይም አንጎል አብጦ ነው የሚል ነበር። መዝገቡ ሲመረመር ግን ትርፉ ሞት በአብዛኛው የመጣው የደም ዝውውሩ በድንገት እየከዳ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን ያሻሻለው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። አምስት ዓመት! ሐኪምም እንደ አማት የለመደውን ቶሎ አይለቅም።

“የሕጻናት ነገር ነው፤ ለአዋቂ አይሠራም” የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ የዛምቢያ ጥናት አለ። ሉሳካ ውስጥ በኢንፌክሽን የደም ግፊታቸው የወረደ 209 አዋቂዎች፣ አብዛኞቹ ኤች.አይ.ቪ በደማቸው ያለ፣ በዕጣ ተከፈሉ። ብዙ ፈሳሽ ቶሎ በሚያዘው መመሪያ ከታከሙት 106 ሰዎች 51 ሞቱ፤ እንደ ወትሮው ከታከሙት 103 ደግሞ 34። በአንጻሩ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ በሆነው የ1,563 ሕሙማን ጥናት፣ ብዙ ፈሳሽም ጥቂት ፈሳሽም በሞት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላመጡም። እዚያ የመተንፈሻ መሣሪያና በየደቂቃው የሚከታተል ነርስ አለ። የሌላ ሀገር መመሪያ እንዳለ ሲገለበጥ የሚያስከትለውን ከዚህ ይረዷል።

ጉዱ በፈሳሽ ብቻ አያበቃም። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው አንጎሉ እንዳያብጥ ተብሎ ኮርቲዞን መሰል መድኃኒት ለብዙ ዓመታት ሲሰጠው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ በሆነ ከ10,000 በላይ ሰዎች በተካተቱበት ጥናት፣ መድኃኒቱ ከተሰጣቸው ከመቶ 21፣ ካልተሰጣቸው ከመቶ 18 ያህሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞቱ። ደግ አስቦ መስጠት ብቻውን አያድንም።

“ልጄን መሞከሪያ ሊያደርጉት ነው?”

ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ራሱን የሳተ ልጅ ታቅፋ የቆመች እናት ፊት አምስት ገጽ ወረቀት ዘርግቶ “አንብበሽ ፈርሚ” ማለት ይቻላል? አንብባ እስክትጨርስ ልጁ ይሞታል። በሦስቱ ሀገሮች በተካሄደው ጥናት የተደረገው ይህ ነው፤ በዚያች በጭንቅ ሰዓት ሐኪሙ በጥቂት ቃል ነግሮ የቃል ስምምነት ይቀበላል፤ ልጁ ሲረጋጋ ተቀምጠው በዝርዝር ይነጋገሩና ወላጅ ይፈርማል ወይም አልፈልግም ይላል። ልጁ ፊርማው ሳይመጣ ከሞተስ? የየሀገሩ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ሐዘንተኛን ወላጅ ፈርም ብሎ መያዝ አይገባም ብለው ይህንን ትተውታል። ብዙ አከራክሯል፤ ዛሬም ያከራክራል።

የኛን ሐሳብ ከጠየቃችሁን፣ የሚያስፈራው ሌላው ነው። ከዚያ ጥናት በፊትም እኮ ፈሳሽ ሲሰጥ ነበር። ዕጣ የለ፣ መዝገብ የለ፣ ቆጣሪ የለ። ያም ሙከራ ነው፤ የሚለየው ውጤቱን የሚጽፍ ሰው አለመኖሩ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ጥናት በእኛም ሀገር ይካሄዳል። በ12 አጠቃላይ ሆስፒታሎች ውስጥ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት፣ ከባድ የሳንባ ምች ለያዛቸው ሕጻናት ኦክስጅን እየሰጡ፣ የሚያስወጡት አየር ጫፉ ውኃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ በተነከረ ቱቦ በኩል እንዲወጣ ማድረግን ሞክሯል። ውኃው እየተንቦጫረቀ ሳንባው እንዳይጨማደድ የሚገፋ ግፊት ይፈጥራል። በዚህ ዘዴ ከታከሙት የሞቱት፣ በተለመደው ኦክስጅን ከታከሙት ያነሱ ናቸው። እዚያ ውስጥ ልጃቸው የተመዘገበላቸው ወላጆች በአጠገባችሁ ሊኖሩ ይችላሉ።

እንግዲህ ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ሐኪሙን “ስቀልለት” ከማለት ይልቅ እሱ የማያውቀውን ይንገሩት። ልጁ ከትናንት ጀምሮ ምን ያህል ጠጣ? ስንት ጊዜ ሸና? ተቅማጥ፣ ትውከት አለው? ቆላ ሄዶ ነበር? ከዚያ ይጠይቁ፤ “ስኳሩ ተለክቷል? ፈሳሽ ያስፈልገዋል ወይ? ለምን?” ፈሳሽ ከታዘዘ ደግሞ ቱቦው ላይ ያለችውን መዘውር አይንኩ። “ቶሎ ይለቅለት” ብሎ የሚያዞር አስታማሚ ስንቱን ነርስ አስለቅሷል! ተቅማጥ የያዘው ልጅ መጠጣት ከቻለ ሕይወት አድኑን ንጥረ ነገር ቤት ሳሉ ይጀምሩለት፤ ካልቻለ ግን አንድ ሰዓት አይቆዩ። ትኩሳት ያለበትን ልጅ “ግሉኮስ ላስደርግለት” ብሎ ሠፈር ክሊኒክ ማስተኛትም ወባውን ወይም የሳንባ ምቹን የሚያክምበትን ሰዓት መብላት ነው።

ጥናት ላይ ይሳተፍ ወይ ተብለው ከተጠየቁ ደግሞ መብትዎን ይወቁ። እምቢ ቢሉ የተለመደው ሕክምና አይቀርበትም። ገብቶ መሐል ላይ መውጣት ይቻላል፤ ማንም “ለምን?” ብሎ ሊቆጣዎ አይገባም። ዕጣው ምንና ምን መካከል እንደሆነ፣ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያክመው፣ ጥናቱን የፈቀደው ኮሚቴ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። ማንበብ ካልቻሉ የሚያነብልዎ የራስዎ ሰው ይጥሩ። ከፈረሙም የወረቀቱን ቅጂ ተቀብለው ከልጁ ካርድ ጋር ያስቀምጡት፤ የሚደውሉበት ስልክ እዚያ ላይ ተጽፏል።