የወፈረ ውሻም ትል ሊኖርበት ይችላል

በዓባይ ማዶም ሆነ በጣና ዳር ሰፈሮች፣ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ በግ በግቢ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ ይጣላል። የውሻን ትል መከላከል መጀመር ያለበት እዚህ ላይ ነው። ውሃ በቋጠረው ከረጢት ውስጥ ያለው ኢኪኖኮከስ የተባለ ትል እጭ በውሻው አንጀት ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚረዝም ትል ይሆናል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ባልታጠበ እጅ ወይም አትክልት ወደ ሰው ሲገባ ደግሞ በጉበትና በሳንባ ላይ ለዓመታት የሚያድግ ከረጢት ይሠራል።

«ውሻዬ ወፍራም ነው፣ ትልም አይቼበት አላውቅም» የሚል ይኖራል። እርግጥ ነው፣ የተነፋ ሆድ፣ ተቅማጥ፣ የነጣ ድድ፣ በፊንጢጣ ዙሪያ የሚታይ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ቁራጭ የትል ምልክቶች ናቸው። ኢኪኖኮከስ ግን ውሻውን እምብዛም ስለማያሳምም ምልክት አለመታየቱ ማረጋገጫ አይሆንም። «መድኃኒት ሰጥቼዋለሁ» ማለትም ብቻውን አይበቃም፤ የትል መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል በአንጀት ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ነገ ከሚበላው ሳንባ አይጠብቅም።

ስለዚህ ውሃ የቋጠረውን ሳንባና ጉበት ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው አርቃችሁ ቅበሩ። ቡችላን ከ2 ሳምንቱ ጀምሮ፣ ትልቁን ውሻ ደግሞ ቢያንስ በዓመት 4 ጊዜ፣ የእንስሳት ሐኪም በክብደቱ ልክ ባዘዘው መድኃኒት አክሙት።