ክፍት ዓለም የቪዲዮ ጨዋታ

ክፍት ዓለም የቪዲዮ ጨዋታ ማለት ተጫዋቹ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያስቀድምና አንድን ችግር በምን መንገድ እንደሚፈታ በአብዛኛው ራሱ የሚወስንበት የኮምፒውተር፣ የኮንሶል ወይም የስልክ ጌም ነው። በሌሎች ጨዋታዎች አንዱ ደረጃ ካልታለፈ ቀጣዩ አይከፈትም፤ በክፍት ዓለም ግን ካርታው ከመጀመሪያው ወይም ከአጭር መግቢያ በኋላ ለተጫዋቹ ይለቀቃል። ኢሊት፣ ግራንድ ቴፍት ኦቶ፣ ስካይሪም፣ ማይንክራፍትና ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ በዘርፉ ከሚጠቀሱት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታዎቹን የሚሸጡ ኩባንያዎች አብዝተው የሚያወሩት ስለ ካርታቸው ስፋት ነው። ተጫዋች ነፃነት የሚሰማው ግን ዓለሙ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ «እንዲህ ባደርግስ?» ብሎ የሞከረው ነገር ምላሽ ሲያገኝ ነው። ስፋትና ምላሽ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም፤ የዘርፉም ታሪክ በአመዛኙ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የተደረገ ትግል ነው።

ገበጣና እቃ እቃ

ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሮዤ ካይዋ በ1958 ባሳተሙት መጽሐፍ ጨዋታዎችን ሁሉ በሁለት ጫፎች መካከል አስቀምጠዋል። በአንደኛው ጫፍ ጥብቅ ሕግ ያላቸው አሉ፤ ይህን ወገን «ሉዱስ» ብለውታል። በሌላው ጫፍ ደግሞ እንደ ልብ የሚፈለሰፉት፣ ማለትም «ፓይዲያ» ያሉት ወገን ይገኛል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ልዩነቱን ለማየት ገበጣንና የልጆችን እቃ እቃ ማነጻጸር ይበቃል። በገበጣ ጠጠሩ የሚታደልበት አቅጣጫና የሚበላበት ሁኔታ የታወቀ ነው፤ በመጨረሻም አሸናፊና ተሸናፊ አለ። በእቃ እቃ ግን ቆርኪ ድስት፣ አፈር ዱቄት፣ ቅጠል ወጥ ይሆናል፤ እናት የነበረችው ልጅ ከደቂቃ በኋላ እንግዳ ልሁን ብትል የሚከለክላት የለም፤ ማንም አያሸንፍም።

ክፍት ዓለም ጨዋታ እቃ እቃን በኮምፒውተር ለመሥራት የሚደረግ ሙከራ ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ ኮምፒውተር እንደ ልጆች አለመሆኑ ነው። ልጆች «ይህ ድስት ነው» ብለው ከተስማሙ ቆርኪው ድስት ይሆናል፤ ኮምፒውተር ግን አስቀድሞ በፕሮግራም ካልተጻፈለት ቆርኪውን ቆርኪ ነው ከማለት አያልፍም። ስለዚህ በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ያለ ነፃነት ሁሉ ሰው ተቀምጦ በጻፈው ሕግ የተሠራ ነው። ጥያቄው እነዚያ ሕጎች እርስ በርስ ሲገናኙ ጸሐፊያቸው ያላሰበውን ነገር ይወልዳሉ ወይስ አይወልዱም የሚለው ነው።

ኢሊት እና የፕላኔቶች ብዛት

ከቀደምት ሥራዎች ትልቁን ስፍራ የያዘው በሴፕቴምበር 1984 በእንግሊዝ አገር የወጣው ኢሊት ነው። የሠሩት ዴቪድ ብሬብንና ኢያን ቤል የተባሉ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ የተሠራውም ቢቢሲ ማይክሮ ለተባለው ኮምፒውተር ነበር። የዘመኑ ልማድ ለተጫዋቹ ሦስት ነፍስ ሰጥቶ ነጥብ ማስቆጠር ነበር። ኢሊት ግን አንድ የጠፈር መርከብና 100 ክሬዲት ይሰጥና ዝም ይላል። ተጫዋቹ ቢፈልግ ከፕላኔት ፕላኔት ምግብ፣ ማሽን ወይም ኮንትሮባንድ እየጫነ ይነግዳል፤ ቢፈልግ ነጋዴዎችን ይዘርፋል፤ ቢፈልግ ደግሞ ዘራፊዎችን እያደነ ክፍያ ይቀበላል።

የኮምፒውተሩ የማስታወሻ አቅም 32 ኪሎባይት ነበር፤ ዛሬ በስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶ እንኳ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ጠባብ ቦታ ላይ በ8 ጋላክሲዎች የተከፋፈሉ 2,048 ፕላኔቶችን ከነስማቸው፣ ከነአስተዳደራቸውና ከነገበያቸው መዝግቦ ማስቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ አልተቀመጡም። የተቀመጠው «ዘር» የሚባል ትንሽ ቁጥር ብቻ ነው፤ የአንድ ፕላኔት መረጃ ሲፈለግ ፕሮግራሙ ከዘሩ ተነሥቶ ዝርዝሩን በቀመር ያወጣል። ቀመሩ ስለማይለወጥ ያው ፕላኔት ሁልጊዜ ያው ሆኖ ይገኛል።

ሠሪዎቹ መጀመሪያ ያሰቡት በዚሁ ዘዴ ከ280 ትሪሊዮን በላይ ጋላክሲዎችን ለማውጣት ነበር። አሳታሚው አኮርንሶፍት ግን ቁጥሩ እንዲቀነስ ጠየቀ፤ ይህን ያህል ከበዛ ዓለሙ በቀመር የተፈበረከ መሆኑ ያስታውቃል የሚል ስጋት ነበረው። ስጋቱ ከንቱ እንዳልነበር ከ32 ዓመት በኋላ ታየ። በኦገስት 2016 ሄሎ ጌምስ የተባለው አነስተኛ የእንግሊዝ ስቱዲዮ ኖ ማንስ ስካይን አወጣ፤ የፕላኔቶቹ ብዛት 18,446,744,073,709,551,616 ነው ተባለ። አንድ ሰው በየሴኮንዱ አንዱን ቢጎበኝ ከ580 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ይሁን እንጂ ብዙ ተጫዋቾች ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሰለቹ። ቀለሙና የአውሬው ቅርጽ ይለያይ እንጂ በአሥረኛው ፕላኔት የሚሠራው ሥራ በመጀመሪያው ከተሠራው እምብዛም አይለይም ነበር፤ አስቀድሞ ሲወራ የነበረው ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር መገናኘትም አልተገኘም። ስቱዲዮው ግን ሥራውን አልተወውም። በ2018 «ኔክስት» የተባለ ማሻሻያ አብሮ መጫወትን ጨመረ፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች በነፃ ተከታትለዋል። የጨዋታውን ስም ያደሱት ተጨማሪ ፕላኔቶች ሳይሆኑ በፕላኔቶቹ ላይ የሚሠሩት ነገሮች መብዛታቸው ነው።

በአሜሪካው ቤተዝዳ ኩባንያ የኤልደር ስክሮልስ ተከታታይ ጨዋታዎችም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በ1996 የወጣው ዳገርፎል፣ በሠሪዎቹ አነጋገር፣ የታላቋን ብሪታንያ ያህል ስፋት ነበረው፤ አብዛኛው ግን በቀመር የወጣ ባዶ ሜዳ ነው። ተከታዩ ሞሮዊንድ (2002) ወደ አንድ ደሴት ጠብቦ ቦታው በእጅ ተሠራ፤ ዛሬም በፍቅር የሚያስታውሱት ብዙዎች ናቸው። በሞሮዊንድ ለዋናው ታሪክ የግድ የሚያስፈልግን ሰው እንኳ መግደል ይቻላል፤ ጨዋታው ታሪኩ መበላሸቱን አስጠንቅቆ ተጫዋቹ እንዳሻው እንዲቀጥል ይተወዋል። ከዚያ በኋላ በወጡት በኦብሊቪየን (2006) እና በስካይሪም (2011) ግን እንዲህ ያሉ ሰዎች ቢመቱም ወድቀው ይነሣሉ እንጂ አይሞቱም። ካርታው እያማረ ሲሄድ ይህች ነፃነት ቀርታለች።

ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ

የኒንቴንዶ የዜልዳ ተከታታይ የተጀመረው በ1986 ነው። ፈጣሪው ሺገሩ ሚያሞቶ ሐሳቡን ያገኙት በልጅነታቸው በኪዮቶ አቅራቢያ በምትገኘው በሶኖቤ ሜዳና ጫካ ከመዞር፣ ዋሻም ከመፈተሽ እንደሆነ ተናግረዋል። ተከታታዩ ግን ከጊዜ በኋላ ተጫዋቹን በታጠረ መንገድ የሚመራ ሆኖ ነበር። በማርች 3፣ 2017 የወጣው ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ ይህን ለወጠ።

ዳይሬክተሩ ሂዴማሮ ፉጂባያሺ የተነሡት ከማይታለፈው ግድግዳ ነው። በቀደሙት ሥራዎች ገደል ማለት የካርታው አጥር ነበር። በአዲሱ ግን ከጥቂቶች በስተቀር የትኛውም ገደል ይወጣል፤ ከጫፉም በጨርቅ ክንፍ እየተንሳፈፉ መውረድ ይቻላል። አጥር የነበረው መንገድ ሆነ። መውጣቱ ግን ጉልበት ይጨርሳል፤ መለኪያው ባዶ ሲሆን ጀግናው ይወድቃል። ዝናብ ሲመጣም ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ በዚህ የተማረሩ ተጫዋቾች ጥቂት አይደሉም። ገደቡ ባይኖር ኖሮ ግን ተራራው ከሜዳው ባልተለየ ነበር።

ሌላው ፈጠራ ሠሪዎቹ «የኬሚስትሪ ሞተር» ያሉት የሕግ ስብስብ ነው። በአንድ ወገን እሳት፣ ውኃ፣ ነፋስ፣ ኤሌክትሪክና የመሳሰሉት አሉ፤ በአማርኛ እንደ ጥንቱ አነጋገር «ባሕርያት» ልንላቸው እንችላለን። በሌላው ወገን እንደ እንጨት፣ ብረት፣ ሣርና ሥጋ ያሉ ቁሶች አሉ። ሕጎቹ ሦስት ናቸው፦ ባሕርይ ቁስን ይለውጣል፤ ባሕርይ ባሕርይን ይለውጣል፤ ቁስ ግን ቁስን አይለውጥም። እሳት እንጨትን ያቃጥላል፣ ውኃ እሳትን ያጠፋል፣ እንጨት በእንጨት ላይ ቢቀመጥ ግን ምንም አይሆንም።

ከእነዚህ ሦስት ሕጎች የሚወጣው ነገር ብዛት ያስገርማል። ሣር ላይ እሳት የለኮሰ ተጫዋች ጠላቱን ከማቃጠሉም በላይ ትኩስ አየር ወደ ላይ ስለሚነሣለት ክንፉን ዘርግቶ ይበርበታል። መብረቅ ብረት የያዘን ይመታልና በነጎድጓድ ሰዓት ሰይፉን ያወልቃል፤ ብልኅ የሆነው ደግሞ ሰይፉን ከጠላቱ እግር ሥር ጥሎ ይጠብቃል። የተቋረጠ የኤሌክትሪክ መስመር የሚገጥምበት እንቆቅልሽ ሲመጣ የተዘጋጀውን መፍትሔ ትቶ ሰይፍና ጋሻውን መሬት ላይ ደርድሮ ኤሌክትሪኩን ያሻግራል። ይህን ለእያንዳንዱ ቦታ ለብቻው የጻፈው ሰው የለም። ዋናውን ጠላት ለመግጠምም ተራ አይጠበቅም፦ ከመግቢያው አምባ እንደወረዱ በቀጥታ ወደ ቤተ መንግሥቱ መሄድ ይፈቀዳል። አብዛኛው ጀማሪ እዚያ ይሞታል፤ በፍጥነት የሠለጠኑ ተጫዋቾች ግን ጨዋታውን ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨርሰውታል።

ታሪክ ሲያስር

በ2001 የወጣው ግራንድ ቴፍት ኦቶ 3 አንድን ከተማ በሙሉ በሦስት ገጽታ ለተጫዋቹ በመልቀቁ ዘርፉን ለሰፊው ሕዝብ አስተዋውቋል፤ በዓመፅ ይዘቱም እስከ ዛሬ ይወቀሳል። የዚሁ ኩባንያ ሥራዎች ግን ሁለት ጠባይ አላቸው። በ2018 በወጣው ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 በሜዳው ላይ ያለ ተጫዋች ያደነውን ይበላል፣ ፈረሱን ያጥባል፣ ያገኘውን ሁሉ ያነጋግራል። ተልእኮ ሲጀምር ግን ከታዘዘው መንገድ ጥቂት ፈቀቅ ካለ «አልተሳካም» ተብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጥሩ ታሪክ ለመተረክ ክስተቶቹ በተራቸው መምጣት አለባቸው፤ ተጫዋቹ ደግሞ ተራውን ማፍረስ ይፈልጋል። ይህ ግጭት እስካሁን ሙሉ መፍትሔ አላገኘም።

የሌላው ሰው ነፃነት

ዓለሙን ብዙ ሰዎች በኢንተርኔት ሲጋሩት ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ሲሲፒ የተባለው የአይስላንድ ኩባንያ በ2003 ባወጣው ኢቭ ኦንላይን ውስጥ ማታለልና ክህደት በአብዛኛው የተፈቀዱ ናቸው። ኩባንያ፣ ጦርና ዲፕሎማሲ የተጫዋቾቹ የራሳቸው ፈጠራ ነው። በጃንዋሪ 2014 አንድ የተጫዋቾች ኅብረት የግዛቱን ክፍያ በወቅቱ ሳይከፍል በመቅረቱ 21 ሰዓት ያህል የፈጀ ጦርነት ተነሣ። «ታይታን» ከሚባሉት ግዙፍ መርከቦች 75ቱ ወደሙ፤ ኪሳራው በእውነተኛ ገንዘብ ወደ 300,000 ዶላር ተገምቷል። በአንዱ ወገን ለወራት የተለፋበት ንብረት በአንድ ቀን የጠፋው ሌላው ወገን የማጥፋት ነፃነት ስለነበረው ነው።

ማይንክራፍት የተለየ መንገድ ይዟል። በስዊድናዊው ማርኩስ ፐርሰን ተጀምሮ በ2009 ለሕዝብ የቀረበው ይህ ጨዋታ እስከ 2023 ድረስ ከ300 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሽጧል። ዓለሙ እንደ ኢሊት ከዘር ቁጥር ይወጣል፤ ሆኖም ከብሎክ የተሠራ ስለሆነ ሁሉም ማለት ይቻላል ይፈርሳል፣ ፈርሶም ይገነባል። ስፋቱ ባዶ ሆኖ የማይቀረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ተጫዋቹ ራሱ ይሞላዋል። የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች መኖሪያ ፕሮግራም ከ2012 ጀምሮ ነዋሪዎች የሰፈራቸውን አደባባይና የስፖርት ሜዳ በማይንክራፍት እንዲነድፉ አድርጓል፤ ከመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ በናይሮቢ ኪቤራ የሚገኝ ሜዳ ነበር።

በማርች 2020 ደግሞ ድንበር የለሽ ሪፖርተሮች የተባለው ድርጅት በዚሁ ጨዋታ ውስጥ ከ12 ሚሊዮን በላይ ብሎኮች የፈጀ ቤተ መጻሕፍት አስገንብቷል። አዳራሾቹ ለግብፅ፣ ለሜክሲኮ፣ ለሩሲያ፣ ለሳዑዲ ዓረቢያና ለቬትናም የተመደቡ ሲሆኑ፣ መደርደሪያዎቹ ላይ ሳንሱር የተደረገባቸው ጋዜጠኞች ጽሑፎች በጨዋታው መጻሕፍት መልክ ተቀምጠዋል። የዜና ድረ ገጾች በተዘጉባቸው አገሮች እንኳ ጨዋታው ብዙ ጊዜ ክፍት ስለሆነ አንድ ተማሪ ገብቶ ሊያነባቸው ይችላል። ካርታውን አውርዶ በራስ ኮምፒውተር ማስቀመጥም ይፈቀዳል።