ያረጀ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከመቀየሩ በፊት የብልሽቱ ምንጭ ሊለይ ይገባል

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ በከተማ ጎዳናዎችና በመሥሪያ ቤቶች ግቢ የሚታዩ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር እየጨመረ መጥቷል። እነዚህ መኪኖች እንደማንኛውም ንብረት ያረጃሉ። ሲያረጁ የሚያሳዩት ብልሽት ግን በነዳጅ መኪና ከተለመደው የተለየ በመሆኑ፣ የጥገና ወጪን የሚያጸድቁ ኃላፊዎችና የንብረት ሠራተኞች መሠረታዊ ዕውቀት ሊኖራቸው ይገባል።

የኤሌክትሪክ መኪና ዋና ባትሪ ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ በዋጋ ከፍተኛው ነው። መኪናው አልነሳ ወይም ኃይል አልሞላ ሲል “ባትሪው ሞቷል” ብሎ መወሰን ቀላል ቢሆንም፣ የችግሩ ምንጭ በአነስተኛ ወጪ የሚስተካከል ሌላ ክፍል ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። በመሆኑም ማንኛውም የባትሪ ግዥ ጥያቄ ከመጽደቁ በፊት በልኬት የተደገፈ ምርመራ መቅደም ይኖርበታል።

በመጀመሪያ እርጅናንና ብልሽትን መለየት ያስፈልጋል። የሊቲየም ባትሪ በአገልግሎት ብዛትም ሆነ በዕድሜ ብቻ የመያዝ አቅሙ በዝግታ ይቀንሳል። በአንድ ሙሌት የሚጓዘው ርቀት ከዓመት ዓመት በጥቂቱ ማጠሩ የተፈጥሮ ሂደት ነው። ርቀቱ በሳምንታት ውስጥ በድንገት ካሽቆለቆለ፣ ወይም የኃይል መጠን አመልካቹ ከ30 በመቶ በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ ከወረደ ግን ነገሩ ከእርጅና ይልቅ ብልሽትን ያመለክታል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ለገበያ የቀረበው የጃፓኑ ኒሳን ሊፍ ነው። የመጀመሪያው ሞዴል 24 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የነበረው ሲሆን፣ በአሜሪካ መንግሥት ልኬት መሠረት በአንድ ሙሌት 117 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝ ነበር። ባትሪው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝበት ዘዴ አልተገጠመለትም። እ.ኤ.አ. በ2012 የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበት የአሪዞና ግዛት የሚኖሩ ባለቤቶች ባትሪው ከተጠበቀው በላይ በፍጥነት መድከሙን በመግለጽ አቤቱታ አሰሙ። ኩባንያውም በ5 ዓመት ወይም በ96,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ የባትሪው አቅም ከ12 የአመልካች መስመሮች ከ9 በታች ከወረደ ለማስተካከል የሚያስችል ዋስትና ሰጠ። ይህም ሙቀት የባትሪ ቀንደኛ ጠላት መሆኑን በግልጽ አሳይቷል። ከዚህ አኳያ በአፋር፣ በጋምቤላ ወይም በድሬዳዋ ቆላማ አካባቢ የሚያገለግል መኪና በአዲስ አበባ ከሚያገለግለው ይበልጥ ጥላና ጥንቃቄ ይሻል።

ምርመራው ከቀላሉና ከርካሹ መጀመር አለበት። የኤሌክትሪክ መኪና ከዋናው ባትሪ ሌላ እንደ ነዳጅ መኪና ሁሉ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አለው። የመኪናው ኮምፒዩተሮች የሚነቁት፣ ዋናውን ባትሪ ከተቀረው ክፍል ጋር የሚያገናኙት ማብሪያዎችም የሚዘጉት በዚህ ባትሪ ኃይል ነው። ትንሹ ባትሪ ሲደክም ዋናው ሙሉ ቢሆንም እንኳ መኪናው ላይነሳ፣ ኃይል አልቀበልም ሊል ወይም በርካታ የማስጠንቀቂያ መብራቶችን በአንድ ጊዜ ሊያበራ ይችላል። ሙሉ የሆነና ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ12 ቮልት በታች ከሆነ ምርመራው ከእርሱ ይጀመራል።

ቀጥሎ የሚታየው ሶኬቱና ገመዱ ነው። የመሬት መስመር የሌለው ሶኬት፣ የላላ ሽቦ ወይም የቮልቴጅ መዋዠቅ የመሙያ መሣሪያው ለደኅንነት ሲባል ሥራውን እንዲያቆም ያደርጋል። ቀጭን የኤክስቴንሽን ገመድ ለሰዓታት ከፍተኛ ኃይል ሲያስተላልፍ ይግላል፤ ለቃጠሎም ምክንያት ይሆናል። የቀለጠ ወይም የጠቆረ የመሙያ ጫፍ በተገኘ ጊዜ መጠቀሙን ወዲያውኑ ማቆም ይገባል።

አዝጋሚነት ብቻውን ብልሽት አለመሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። ከ220 ቮልት የግድግዳ ሶኬት 10 አምፔር የሚወስድ መሙያ የሚሰጠው 2.2 ኪሎዋት ብቻ ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባዶ ባትሪ በዚህ መንገድ ለመሙላት ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል። በፈጣን መሙያም ቢሆን ከ80 በመቶ በኋላ ፍጥነቱ የሚቀንሰው ባትሪውን ለመጠበቅ ታስቦ ነው።

ችግሩ ካልተፈታ መኪናውን በሌላ ቦታና በሌላ መሙያ መሞከር ምንጩን ያጠብባል። በሌላ ቦታ ከሞላ ጥፋቱ የሶኬቱ ወይም የገመዱ ነው። በፈጣን መሙያ ሞልቶ በግድግዳ ሶኬት የትም እምቢ ካለ፣ ተለዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠው በመኪናው ውስጥ ያለ መሙያ ይጠረጠራል። ይህ ክፍል ከዋናው ባትሪ ተለይቶ የሚጠገን ወይም የሚቀየር ነው።

ዋናውን ባትሪ የመመርመር ተራ የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። ባትሪው የበርካታ ሴሎች ስብስብ ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያው ሊፍ 192 ሴሎችን በ48 ሞጁሎች የያዘ ነው። በተከታታይ የተያያዙ ሴሎች ጉልበት የሚወሰነው በደካማው ሴል በመሆኑ፣ አንድ የታመመ ሴል ሙሉውን ባትሪ የሞተ ያስመስለዋል። በመመርመሪያ መሣሪያ የእያንዳንዱ ሴል ቮልቴጅና የባትሪው ቀሪ አቅም በመቶኛ ሲነበብ፣ አንድ ሞጁል መቀየር ይበቃ እንደሆነ ይታወቃል። ሁሉም ሴሎች በእኩል ደክመው ከተገኙ ግን ጉዳዩ እርጅና ነው። እንዲህ ያለው መኪና ለአጭር ርቀት የከተማ ሥራ ሊመደብ ይችላል።

ይህ ሥራ ለልምምድ የሚሰጥ አይደለም። የበርካታ መኪኖች ዋና ባትሪ 350 ቮልትና ከዚያ በላይ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚይዝ ሲሆን፣ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶችም የአደጋ ምልክት ናቸው። መከላከያ ጓንትና ሥልጠና የሌለው ባለሙያ ሊከፍተው አይገባም።

የባትሪን ዕድሜ ለማራዘም በዘወትር አገልግሎት ሙሌቱን ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው ውስጥ ማቆየት፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆም መኪናን በግማሽ ሙሌት አካባቢ መተው ይመከራል። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ላላቸው መኪኖች ግን በርካታ አምራቾች አመልካቹ እንዳይሳሳት በየጊዜው እስከ 100 በመቶ እንዲሞሉ ያሳስባሉ። በመሆኑም የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ያሻል።

ከመሥሪያ ቤቶች የሚጠበቀው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። በየመኪናው መዝገብ ላይ በአንድ ሙሌት የተጓዘው ርቀትና የባትሪው ቀሪ አቅም በየስድስት ወሩ ቢሰፍር፣ እርጅናና ድንገተኛ ብልሽት በቀላሉ ይለያሉ። ያገለገለ መኪና ሲገዛም የቀሪ አቅም ልኬት የርክክቡ አካል ሊሆን፣ የአምራቹ ዋስትና በኢትዮጵያ የሚጸና መሆን አለመሆኑም በውሉ ሊረጋገጥ ይገባል። ልኬት ያልቀደመው የባትሪ ግዥ የመንግሥትን ገንዘብ ያባክናል፤ ሊጠገን የሚችል መኪናም ያለ ሥራ በግቢ እንዲቆም ያደርጋል።