ተጨማሪ መረጃ፦ ኮምጣጤ የሚሸተው ፊልም

በዚህ ምዕራፍ ስለ አሴቲክ አሲድ ተምራችኋል። ይኸው አሲድ የቤተሰብ ትዝታ ሊያጠፋ እንደሚችልስ ታውቃላችሁ?

ኮዳክ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ሱፐር 8 ፊልም ቤተሰቦች ሠርጋቸውንና ልደታቸውን ራሳቸው በቀላሉ እንዲቀርጹ አስችሏል። የዚያን ዘመን የቤት ፊልም በአብዛኛው የሚሠራው ከሴሉሎስ አሲቴት ነበር። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ከውሃ ጋር ተጸግብሮ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ ይህ ሂደት ሃይድሮሊሲስ ይባላል። ፊልሙ ይኮማተራል፣ ይሰባበራል፤ የተቀመጠበት ቆርቆሮ ሲከፈትም ኮምጣጤ ይሸታል። በሂደቱ የወጣው አሴቲክ አሲድ ደግሞ ብልሽቱን ያፋጥነዋል።

በዚህ ምክንያት በልዩ ልዩ አገሮች ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «የቤት ፊልም ቀን» ይከበራል። ሰዎች የተረሳ ፊልማቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ በጎ ፈቃደኞች መርምረው ያሳዩላቸዋል። በአገራችንም «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው ስብስብ ከነዋሪዎች አልበም የተገኙ ፎቶዎችን ለሕዝብ አካፍሏል፤ በመጽሐፍም አሳትሟል። እንዲህ ላለው ሥራ ፎቶው ስካን ይደረጋል፤ ማለትም ምስሉ በብርሃን ተነብቦ ወደ ዲጂታል ፋይል ይለወጣል።

የደበዘዘ ቀለም በኮምፒዩተር ሊታደስ ይችላል። በፎቶው ጥግ ላይ የቆመችው ልጅ ማን እንደሆነች ግን የሚያውቀው ያኔ ያያት ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አብሮን አይኖርም፤ የሚያስቸኩለውም ይኸው ነው።

ሞክሩ፦ ከቤታችሁ አንድ የቆየ ፎቶ ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ አውጡ። እነማን፣ የት፣ መቼ እንደተነሱ አያቶቻችሁን ጠይቁ። መልሱን በለስላሳ እርሳስ ከጀርባው ሳትጫኑ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ምስሉ ሊዘልቅ ይችላል።