ከሦስቱ የልብ ደም ሥሮች የትኛው?

ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ፣ ሰባታሚት ላይ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይገኛል። በጣና ዙሪያ የሚኖር ሰው ደረቱን ሲያፍነው ወደዚህ ወይም ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይመጣል። ብዙው ግን ቶሎ አይመጣም። ዳገት ሲወጣ ጭብጥ አድርጎ የሚይዘውን፣ ቆም ሲል የሚለቀውን ሕመም ቤተሰቡም ጎረቤቱም «ጨጓራ ነው» ይሉታል። ወተት ይጠጣል፣ ኦሜፕራዞል ይገዛል፣ ወራት ያልፋሉ። በእንቅስቃሴ የሚመጣ፣ በዕረፍት የሚተው፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም የልብ እንዳይሆን መጠርጠር አለበት። በስኳር ሕመምተኞችና በሴቶች ላይ ደግሞ ሕመሙ ጭራሽ ሳይኖር የትንፋሽ ማጠርና ድካም ብቻ ሊታይ ይችላል።

ልብ ለሰውነት ሁሉ ደም እየረጨች ለራሷ የምታገኘው በላይዋ በሚዘረጉ ቀጫጭን ደም ሥሮች ነው። ከትልቁ የደም ሥር ሥር አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ ይነሳሉ፤ የግራው ወዲያው ለሁለት ስለሚከፈል ሐኪሞች ዋናዎቹን ሦስት ብለው ይቆጥሯቸዋል። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራና ኮሌስትሮል ለዓመታት ግድግዳቸውን እየጎዱ በውስጡ ስብ ያከማቻሉ። ይህ በአንድ ቦታ ብቻ የሚቆም ሕመም አይደለም። አንዱ ጠቦ የተገኘበት ሰው ሁለተኛውና ሦስተኛውም ጠበው መገኘታቸው የተለመደ ነው። የመራዊ ገበሬ ከቆጋ መስኖ ያውቀዋል፦ ቦይ በደለል ሲጠብ ጉዳቱ የሚለካው በደለሉ ብዛት ሳይሆን ከቦዩ በታች ባለው ማሳ ስፋት ነው። ልብም ላይ ትልቅ ጡንቻ የሚመግበው የፊተኛው ግራ ደም ሥር መጥበብና የአንዲት ትንሽ ቅርንጫፍ መጥበብ እኩል አይደሉም።

ስቴንት የጠበበውን ቦታ ከፍቶ የሚይዝ፣ ከብረት ቅይጥ የተሠራ የመረብ ቱቦ ነው። ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሽቦው ውፍረት በዘመናዊዎቹ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያንሳል። መንገዱን የከፈተው አንድሪያስ ግሩንትዚግ ነው፤ እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1977 ዙሪክ ውስጥ በነቃ ሕመምተኛ የልብ ደም ሥር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ፊኛ ነፋ። ፊኛው ሲወጣ ግን አንዳንዱ ደም ሥር ተመልሶ ይከደን ነበር። በ1986 ፈረንሳይ ቱሉዝ ውስጥ ዣክ ፒዩል የመጀመሪያውን ስቴንት በሰው ልብ ላይ አስቀመጠ። መከደኑ ቢቀንስም ሰውነት በብረቱ ላይ ሥጋ እያበቀለ መልሶ ያጠበው ጀመር። መፍትሔው የተገኘው በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ካለችው ከራፓ ኑይ ደሴት አፈር ከተለየ ሲሮሊመስ ከተባለ መድኃኒት ነው፤ ኤድዋርዶ ሱዛ በ1999 ሳኦ ፓውሎ ላይ በዚህ መድኃኒት የተቀባ ስቴንት አስገባ። ዛሬ የሚገቡት ስቴንቶች በአብዛኛው የዚያ ዝርያዎች ናቸው።

ሥራው ደረት አይከፍትም። የእጅ አንጓ ወይም ብሽሽት በመርፌ ይደነዝዛል፣ ቀጭን ቱቦ እስከ ልብ ይዘልቃል፣ ቀለም ተረጭቶ ደም ሥሮቹ በኤክስሬይ ይታያሉ፤ ይህ ምስል አንጂዮግራም ይባላል። ሕመምተኛው ነቅቶ ከሐኪሙ ጋር ያወራል። በፊኛ ላይ የተጠመጠመው ስቴንት በጠባቡ ቦታ ይነፋና ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፤ ፊኛው ይወጣል፣ ብረቱ ዕድሜ ልክ ይቀራል።

በሀገራችን ይህ ሕክምና የተስፋፋው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ነው። በስዊድን የሠሩት የልብ ሐኪም ዶክተር ፍቅሩ ማሩ አዲስ ካርዲያክ ሆስፒታልን መሥርተዋል፤ ዶክተር በላይ አበጋዝ ደግሞ በጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ለሕፃናት የልብ ሕሙማን ማዕከል አቋቁመዋል። ከጣና ዳር ለሚነሣ ሰው በደብረ ማርቆስ በኩል ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ድንገት ደም ሥሩ ሙሉ በሙሉ ለተደፈነ ሰው ይህ ርቀት ልብ የሚጎዳበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ የሚሠራበት ክፍል (ካት ላብ) በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ መድረስ ካልተቻለ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ሕመምተኛው ባለበት መስጠት ይመከራል። ይህም የሚጠቅመው ሰውየው ቀድሞ ከመጣ ብቻ ነው።

ድንገተኛ ላልሆነው፣ ሁለት ሦስት ደም ሥሮቹ ጠበው ለተገኙበት ሰው ግን የማሰቢያ ጊዜ አለ፤ ጊዜውንም ሊጠቀምበት ይገባል። ቤተሰብ አንጂዮግራሙን ካየ በኋላ የሚጠይቀው «ስንት ስቴንት ያስፈልጋል?» ብሎ ነው። የጠበበ ሁሉ ይከፈት ማለት ግን ስህተት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ፌም የተባለ ጥናት ብዙ ደም ሥሮቻቸው የጠበቡ 1,005 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። በአንደኛው ወገን ሐኪሙ በዓይኑ አይቶ የጠበበ የመሰለውን ከፈተ። በሌላው የግፊት መለኪያ ሽቦ አስገብቶ፣ ከጠባቡ ቦታ ወዲያ ያለው ግፊት ከወዲህኛው 80 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ብቻ ስቴንት አኖረ። በዓይን የታዩት በአማካይ 2.7፣ በሽቦ የተለኩት 1.9 ስቴንት ገባላቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሞት፣ የልብ ጥቃት ወይም ተደጋጋሚ ሕክምና የደረሰባቸው በመጀመሪያው ወገን 18.3፣ በሁለተኛው 13.2 በመቶ ሆኑ። ከብት ሸጦ፣ ዕቁብ ሰብስቦ፣ ዘመድ አስቸግሮ አዲስ አበባ ለወረደ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ ያነሰ ስቴንት የተሻለ ጤና ሰጥቷል።

ጭራሽ ስቴንት የማይመረጥበትም ጊዜ አለ። ፍሪደም የተባለው የ2012 ጥናት ስኳርና ብዙ የጠበቡ ደም ሥሮች ያሉባቸውን 1,900 ሰዎች ተከታትሎ በአምስት ዓመት ውስጥ ከስቴንቱ ወገን 16.3፣ ደረት ተከፍቶ ለደሙ አዲስ መተላለፊያ ከሚሠራበት ከባይፓስ ቀዶ ሕክምናው ወገን 10.9 በመቶ መሞታቸውን አገኘ፤ በቀዶ ሕክምናው ግን ስትሮክ በዝቷል። ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው «ደረቴ አይከፈት» ብሎ ከመወሰኑ በፊት የልብ ሐኪሙና የቀዶ ሐኪሙ አብረው ሊመክሩለት ይገባል ብዬ አምናለሁ። የልብ ጥቃት ደርሶበት አንዱ ደም ሥር የተከፈተለት ሰው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ በ2019 የወጣው ኮምፕሊት ጥናት፣ በ4,041 ሰዎች፣ የቀሩትንም የጠበቡ ደም ሥሮች በሌላ ቀን መክፈት ዳግም ጥቃትን እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ስቴንቱ ከገባ በኋላ ያለው ሥራ የሕመምተኛው ነው። አስፒሪንና ክሎፒዶግሬልን የመሰሉ መድኃኒቶች በብረቱ ላይ ደም እንዳይረጋ ይከላከላሉ፤ ሁለቱ አብረው ለወራት፣ ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት፣ ይወሰዳሉ፤ አስፒሪኑ አብዛኛውን ጊዜ ይቀጥላል። በመካከል ማቋረጥ በአንዲት ሌሊት ደም ሥሩን ሊደፍን ይችላል። ጾም ሲገባ ክኒኑን ማቆም አያስፈልግም፤ ሁለቱም በቀን አንዴ የሚወሰዱ ስለሆኑ ከሐኪም ጋር ተማክሮ ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያ ማዞር ይቻላል። ለጸበል የሚሄድም ከክኒኑ ጋር ይሂድ፤ ጸበሉ መድኃኒት አያስጥልም። የስቴንቱ መጠንና ቀን የተጻፈበትን ካርድ፣ የአንጂዮግራሙንም ሲዲ ባሕር ዳር ይዞ ይመለስ፤ በጥበበ ግዮን የሚከታተለው ሐኪም ይፈልጋቸዋል። ጥርስ ለማስነቀል የሄደበት ቦታ «አስፒሪኑን አቁም» ከተባለም፣ ከማቆሙ በፊት ለልብ ሐኪሙ ይደወል።