ጂኦተርማል፦ ከፋብሪካ አጠገብ ያለው የከርሰ ምድር ሙቀት ለምን ይፈለጋል?

በስምጥ ሸለቆ ለሚኖር ሰው ፍል ውኃም ሆነ ከመሬት ስንጥቅ የሚወጣ እንፋሎት እንግዳ ነገር አይደለም። ይህ ሙቀት ባለባቸው አካባቢዎች አሁን ፋብሪካዎችም እየተተከሉ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሐይቁ በስተሰሜን ከሚገኘው የኮርቤቲ እሳተ ገሞራ፣ የሰመራው ደግሞ ከተንዳሆ የጂኦተርማል መስክ ብዙ አይርቁም።

በስምጥ ሸለቆ የምድር ቅርፊት በመሳሳቱ ትኩስ አለት ወደ ገጸ ምድር ይቀርባል። በስንጥቆች የሚሰርገው የዝናብ ውኃ ከዚህ አለት ጋር ሲገናኝ ይግላል፤ ከላዩ ውኃ የማያሳልፍ የሸክላ ንጣፍ ካለም ታምቆ ይቆያል። ፍለጋው ይህን የታመቀ ሙቅ ውኃና እንፋሎት ማግኘት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከላይ ነው። ባለሙያዎች አለቱን ያጠናሉ፣ የፍል ውኃውን ኬሚካላዊ ይዘት ይመረምራሉ፣ የከርሰ ምድሩንም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም ይለካሉ። የመጨረሻውን ምላሽ የሚሰጠው ግን ሁለት ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊጠልቅ የሚችል ቁፋሮ ነው። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ሚሊዮኖች ዶላር ይጠይቃል፤ ላይሳካም ይችላል። በአሉቶ ላንጋኖ በ1970ዎቹ ከተቆፈሩት ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች አንዳንዶቹ ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት ቢያሳዩም፣ ሁሉም ለምርት አልበቁም። በእነዚህ ጉድጓዶች ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 የተተከለው 7.3 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ማመንጫም በቴክኒክ ችግር ምክንያት ሥራው ሲቆራረጥ ቆይቷል።

የፋብሪካዎች ቅርበት ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚመረጠው በአብዛኛው ከ150 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ነው። ወተትን ከጀርም ለማጽዳት ግን 72 ዲግሪ ለጥቂት ሰከንዶች ይበቃል። አትክልትና እህል ለማድረቅም ሆነ ጥጥ ለማቅለም ከ100 ዲግሪ ያልበለጠ ሙቀት በቂ ነው። ፋብሪካዎች ይህን ሙቀት የሚያገኙት ብዙ ጊዜ ነዳጅ ወይም እንጨት በሚያቃጥሉ ቦይለሮች ነው። ስለዚህ ለኤሌክትሪክ ያልበቃ ጉድጓድ፣ በአቅራቢያው ሙቀት የሚገዛ ፋብሪካ ካለ ከንቱ አይቀርም።

ሆኖም ሙቀት እንደ ኤሌክትሪክ በሽቦ አይጓዝም። እንፋሎት በቧንቧ ሲርቅ ግፊቱንና ሙቀቱን ያጣል። በአይስላንድ ሙቅ ውኃ ከኔስያቬትሊር እስከ ዋና ከተማዋ ሬይክያቪክ 27 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ነገር ግን ቧንቧው ሙቀት እንዳያመልጥ በሚገባ የተሸፈነ ነው፤ ወጪውንም የሚሸከመው የአንድ ትልቅ ከተማ ፍጆታ ነው። ጉድጓዱና ተጠቃሚው በተቀራረቡ ቁጥር ወጪው ይቀንሳል።

ጎረቤት ኬንያ ለዚህ ማሳያ ትሆናለች። በናይቫሻ አቅራቢያ ከሚገኘው የኦልካሪያ መስክ፣ ከኤሌክትሪኩ ሌላ አንድ የአበባ እርሻ ግሪን ሃውሶቹን በጉድጓድ ሙቀት ሲያሞቅ ኖሯል። በመነንጋይም ወተት ማጣሪያ፣ የዓሣ ኩሬና የልብስ ማጠቢያ በዚሁ ሙቀት ተሞክረዋል።

ጥቅሙ እንዳለ ሆኖ ለአርሶ አደሩ ትልቁ ጉዳይ ውኃ ነው። ከጥልቅ የሚወጣው ፈሳሽ ፍሎራይድ፣ ቦሮንና አርሰኒክ ሊይዝ ይችላል። በስምጥ ሸለቆ የፍሎራይድ ብዛት ያለ ቁፋሮም የብዙዎችን ጥርስና አጥንት ጎድቷል። በመሆኑም ያገለገለው ውኃ ወደ ወንዝ ወይም ወደ መስኖ ቦይ መለቀቅ የለበትም፤ በሌላ ጉድጓድ ወደ መጣበት ጥልቀት መመለስ ይኖርበታል። ይህ የእርሻ ማሳንም የጉድጓዱን ዕድሜም ይጠብቃል። ጉድጓዱ ለመጠጥ በሚውለው የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ሲያልፍም በብረት ቱቦና በሲሚንቶ መታሸግ አለበት።

ኢትዮጵያ የጂኦተርማል ሀብት ልማትን በአዋጅ ቁጥር 981/2008 ትመራለች። ሥራው ወደ አንድ ቀበሌ ሲመጣ ነዋሪው አስቀድሞ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የምንጮችና የመጠጥ ጉድጓዶች ጥራት ከቁፋሮ በፊት ተለክቷል ወይ? ለቁፋሮው የሚያስፈልገው ብዙ ውኃ ከየት ይመጣል? የተጠቀሙበት ውኃ የት ይገባል? ለሚወሰደው መሬት ካሳው ስንት ነው፣ መቼስ ይከፈላል? በተለይ የመጀመሪያው ልኬት ካልተያዘ፣ ኋላ ምንጩ ቢበላሽ ጥፋቱ የተፈጥሮ ይሁን የቁፋሮው መለየት ይቸግራል። ልኬቱ ከተያዘ ግን ገበሬውም፣ ፋብሪካውም፣ ቆፋሪውም የሚተማመኑበት ማስረጃ ይኖራቸዋል።